የቲዩብና የክላስ ዲ አምፕሊፋየር፦ ለቤታችን የትኛው ይስማማል?

ከካሴት ማጫወቻ፣ ከሲዲ ወይም ከሞባይል ስልክ የሚወጣው የሙዚቃ ምልክት ብቻውን ስፒከርን ማንቀሳቀስ አይችልም። ቮልቴጁ ከአንድ ወይም ከሁለት ቮልት ብዙም አይበልጥም፤ ኮረንቲውም እጅግ አነስተኛ ነው። ለዚህ ደካማ ምልክት መልኩን ሳይለውጥ ኃይል የሚጨምርለት መሣሪያ አምፕሊፋየር ይባላል። ሥራው አንድ ቢሆንም የሚሠራበት መንገድ ግን ልዩ ልዩ ነው። በዚህ ጽሑፍ በዕድሜ ጫፍና ጫፍ ላይ የቆሙትን ሁለቱን እናነጻጽራለን፤ አንደኛው በቫኩም ቱቦ ወይም በተለምዶ ቲዩብ በሚባለው የሚሠራው ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ በፍጥነት እየበራና እየጠፋ የሚሠራው ስዊቺንግ አምፕሊፋየር፣ በሌላ ስሙ ክላስ ዲ ነው።

ንጽጽሩ የሙዚቃ አፍቃሪዎች ክርክር ብቻ አይደለም። በሮቤ ወይም በጎባ መብራት በጠፋበት ምሽት፣ ወይም ከገሰራ ወጣ ብሎ በሶላር ባትሪ በሚጠቀም ቤት ውስጥ ሙዚቃ ለሚያዳምጥ ተማሪ፣ አምፕሊፋየሩ ከባትሪው የሚወስደው ኃይል ለጥናት በሚተርፈው መብራት ላይ ይወስናል። ስለሆነም «የትኛው ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ በስሜት ሳይሆን በስሌት ሊመለስ ይገባዋል።

ቲዩብ እንዴት ይሠራል?

ቲዩብ አየሩ ተመጥጦ የወጣለት የመስታወት ቱቦ ነው። በመካከሉ ካቶድ የተባለ ክፍል ይገኛል። ካቶዱ በማሞቂያ ሽቦ ሲግል ኤሌክትሮኖች ከገጹ ይለቀቃሉ፤ ከፍተኛ አዎንታዊ ቮልቴጅ ወዳለው አኖድም ይሳባሉ። አሜሪካዊው ሊ ዲ ፎረስት እ.ኤ.አ. በ1906 በሁለቱ መካከል ሦስተኛ ክፍል ጨመረ፤ ይህም በኋላ ግሪድ የተባለው ነው። በግሪዱ ላይ የሚደረግ አነስተኛ የቮልቴጅ ለውጥ ወደ አኖድ የሚፈሰውን የኤሌክትሮን ጅረት በእጅጉ ይለውጣል። ደካማው ምልክት ብርቱውን ጅረት ይመራል ማለት ነው። ማጉላት የምንለውም ይኸው ነው።

ዋጋው ግን ሙቀት ነው። ለምሳሌ ዛሬም የሚመረተውን ኢኤል 84 የተባለውን ቲዩብ እንውሰድ። ማሞቂያው በ6.3 ቮልት 0.76 አምፔር ያህል ስለሚወስድ፣ ሙዚቃው ሳይጀመር 4.8 ዋት ይፈጃል። ቲዩቡ ብቻውን በክላስ ኤ ሲሠራ አኖዱ በ250 ቮልት 48 ሚሊአምፔር ያህል ያስተላልፋል፤ ይህም 12 ዋት ነው። ከዚህ ሁሉ ወደ ስፒከሩ የሚደርሰው ቢበዛ ከ5 እስከ 6 ዋት ነው። ከሁሉም በላይ ልናስተውለው የሚገባን ነገር አለ፤ ይህ ወጪ ድምፁ ከፍ ቢል ወይም ዝቅ ቢል እምብዛም አይለወጥም። ሙዚቃው ቆሞ እንኳ መሣሪያው ኃይል መብላቱን ይቀጥላል።

ክላስ ዲ እንዴት ይሠራል?

ብዙዎች «ዲ» የተባለው ፊደል ዲጂታል ለማለት ይመስላቸዋል። እውነቱ ግን ክላስ ኤ፣ ቢና ሲ የተባሉ ቀድመው ስለነበሩ ቀጣዩ ፊደል ተሰጠው እንጂ ሌላ ምሥጢር የለውም። ሐሳቡን ለመረዳት አንድ የውሃ ቧንቧ እናስብ። ከቧንቧው ግማሽ ውሃ ብቻ ብንፈልግ ሁለት መንገድ አለን። አንደኛው ቧንቧውን በከፊል ከፍቶ መተው ነው። ሁለተኛው ሙሉ በሙሉ እየከፈቱና ሙሉ በሙሉ እየዘጉ ግማሹን ጊዜ ብቻ ክፍት ማድረግ ነው። ከሥሩ ማጠራቀሚያ ካለ፣ ከማጠራቀሚያው የሚወጣው ውሃ በሁለቱም መንገድ እኩል ነው።

ክላስ ዲ የሚሠራው በሁለተኛው መንገድ ነው። ትራንዚስተሮቹ በሴኮንድ በመቶ ሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ከ300,000 በላይ፣ ይከፈታሉ፤ ይዘጋሉ። የሙዚቃው ምልክት የሚወስነው በእያንዳንዱ ዙር ክፍት ሆነው የሚቆዩበትን የጊዜ ርዝመት ነው። የማጠራቀሚያውን ሚና የሚጫወቱት ጥቅልል ሽቦና ካፓሲተር ናቸው፤ ፈጣኑን መብራትና መጥፋት አለስልሰው ለስፒከሩ ሙዚቃውን ብቻ ያስተላልፋሉ። ሙሉ በሙሉ የተከፈተ ትራንዚስተር ኮረንቲ ቢያሳልፍም በላዩ ላይ የሚቀረው ቮልቴጅ ጥቂት ነው። የተዘጋው ደግሞ ቮልቴጅ ቢሸከምም ኮረንቲ አያሳልፍም። በሙቀት የሚባክነው ኃይል የሁለቱ ብዜት ስለሆነ በሁለቱም ሁኔታ እጅግ ያነሰ ነው። በከፍተኛ ድምፅ ሲሠራ ከሚወስደው ኃይል 85 በመቶና ከዚያ በላይ የሚሆነውን ለስፒከር የሚያደርሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ሲንክሌር የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1964 ኤክስ 10 የተሰኘ መሣሪያ ለገበያ አቅርቦ ነበር። ነገር ግን የዚያ ዘመን ትራንዚስተሮች በበቂ ፍጥነት መብራትና መጥፋት ስለማይችሉ ውጤቱ የተጠበቀውን ያህል አልሆነም። ክላስ ዲ ለቤት ሙዚቃ የበቃው ፈጣን ትራንዚስተሮችና የተሻለ የስሕተት ማረሚያ ዘዴ ከተገኙ በኋላ ነው።

«ሞቅ ያለው» ድምፅ ከየት ይመጣል?

የቲዩብ ወዳጆች ድምፁ ለጆሮ ሞቅ ያለና ለስላሳ እንደሆነ ይናገራሉ። ይህ ስሜት ከንቱ አይደለም፤ ሊለኩ የሚችሉ ሁለት ዋና ምክንያቶች አሉት።

የመጀመሪያው የመዛባቱ ዓይነት ነው። አንድ የክራር ክር በ220 ሄርትዝ ሲርገበገብ፣ ነጠላ ቲዩብ ያለው አምፕሊፋየር ከራሱ በይበልጥ የሚጨምረው የ440 ሄርትዝ ድምፅ ነው። ይህ ከመጀመሪያው ድምፅ ልክ አንድ ኦክታቭ ከፍ ያለ በመሆኑ ከሙዚቃው ጋር ይስማማል። ጆሯችንም እንደ ስሕተት ሳይሆን እንደ ውፍረት ይቀበለዋል። በደንብ የተሠራ ክላስ ዲ ግን የሚጨምረው ነገር እጅግ ጥቂት ስለሆነ በአብዛኛው አይሰማም።

ሁለተኛው የአምፕሊፋየሩ የውስጥ ኢምፒዳንስ፣ ማለትም ለተለዋዋጭ ኮረንቲ የሚያሳየው የራሱ ተቃውሞ ነው። በስፒከር ላይ «8 ኦም» ተብሎ ቢጻፍም፣ እውነተኛው ኢምፒዳንስ እንደ ድምፁ ቅጥነትና ውፍረት ለምሳሌ ከ6 እስከ 30 ኦም ሊለዋወጥ ይችላል። ከፍተኛ ከሚሆንባቸው ቦታዎች አንዱ በወፍራም ድምፆች አካባቢ ነው። የቲዩቡ የውስጥ ኢምፒዳንስ 3 ኦም ነው እንበል። ስፒከሩ 6 ኦም በሚሆንበት ቦታ ከቮልቴጁ 67 በመቶ፣ 30 ኦም በሚሆንበት ቦታ ግን 91 በመቶ ይደርሰዋል። ልዩነቱ 2.7 ዴሲቤል ሲሆን በጆሮ በግልጽ ይሰማል። በዚህም ወፍራሙ ድምፅ ያለ አዘዡ ከፍ ይላል። የውስጥ ኢምፒዳንሱ 0.05 ኦም በሆነ ክላስ ዲ ላይ ተመሳሳዩ ልዩነት ከ0.1 ዴሲቤል ያነሰ ነው።

ይህ ግምት ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳይ ታሪክ አለ። አሜሪካዊው መሐንዲስ ቦብ ካርቨር እ.ኤ.አ. በ1985 ስቴሪዮፋይል ለተባለው መጽሔት አዘጋጆች አንድ ፈተና ተቀበለ። እርካሽ ባለ ትራንዚስተር አምፕሊፋየሩን እነርሱ የመረጡትን ውድ አምፕሊፋየር እንዲመስል አድርጎ እንደሚያስተካክል ተናገረ። የሁለቱን ድምፅ ልዩነት ብቻ እያዳመጠና እያጠበበ ሄደ። በመጨረሻ አዘጋጆቹ ሁለቱን በጆሮ መለየት አልቻሉም። ከዚህ የምንረዳው የአንድ አምፕሊፋየር «ጠባይ» ተለክቶ ሊታወቅ፣ ከታወቀም ሊቀዳ የሚችል መሆኑን ነው።

በሌላ በኩል የምናዳምጠው ቅጂም ወሰን አለው። የአሊ ቢራን ዘፈን ከተራ ካሴት የሚሰማ ሰው በሙዚቃውና በካሴቱ የሹክሹክታ ድምፅ መካከል የሚያገኘው ርቀት ከ50 እስከ 60 ዴሲቤል ያህል ነው። የጥሩ ክላስ ዲ አቅም ከ100 ዴሲቤል ይበልጣል። ስለዚህ በዚያ ቤት ድምፁን የሚወስኑት በቅድሚያ ካሴቱ፣ ስፒከሩና ክፍሉ ናቸው።

ባትሪው ምን ይላል?

አሁን ወደ ስሌቱ እንሂድ። 12 ቮልት 50 አምፔር-ሰዓት የሆነ ባትሪ 600 ዋት-ሰዓት ይይዛል። የእርሳስ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹን ብቻ፣ ማለትም 300 ዋት-ሰዓት፣ ብንጠቀም የተሻለ ነው። በግራና በቀኝ አንድ አንድ ኢኤል 84 ያለው አምፕሊፋየር ከነትራንስፎርመሩ 60 ዋት ያህል ይወስዳል ብንል፣ ባትሪው ቢበዛ ለ5 ሰዓት ያገለግላል። በኢንቨርተሩ ውስጥ የሚባክነው ሲቀነስ ወደ 4 ሰዓት ይወርዳል። በ12 ቮልት በቀጥታ የሚሠራ ትንሽ ክላስ ዲ በመጠነኛ ድምፅ 5 ዋት ቢወስድ 60 ሰዓት ያጫውታል። ለድምፁ ከፍታም አንሥጋ፤ በ1 ዋት በአንድ ሜትር ርቀት 88 ዴሲቤል የሚሰጥ ስፒከር በ5 ዋት 95 ዴሲቤል ይሰጣል። ይህ ለአንድ ክፍል ከበቂ በላይ ነው።

ከፍታውም ድርሻ አለው። ሮቤ ወደ 2,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ጎባ ደግሞ ከዚያ ትበልጣለች። በ2,500 ሜትር የአየሩ እፍጋት ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር በ22 በመቶ ገደማ ያንሳል። የሳሳ አየር ሙቀትን በደንብ ተሸክሞ አይሄድም። የባሌ ምሽት ቀዝቃዛ ቢሆንም፣ ብዙ የሚግል መሣሪያ ዙሪያውን ክፍት ቦታ ይፈልጋል እንጂ በጠባብ ቁም ሣጥን ውስጥ ሊዘጋበት አይገባም።

የክላስ ዲ እንከኖች

ክላስ ዲም ያለ እንከን አይደለም። በ400 ኪሎ ሄርትዝ የሚበራና የሚጠፋ መሣሪያ በ800 እና በ1,200 ኪሎ ሄርትዝም ደካማ ሞገድ ይረጫል። ሁለቱም ከራዲዮ የመካከለኛ ሞገድ ክልል፣ ማለትም ከ531 እስከ 1,602 ኪሎ ሄርትዝ ካለው ውስጥ ይወድቃሉ። ከአጠገቡ የተቀመጠ ራዲዮ ቢንሿሿ መንሥኤው ይህ ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ራዲዮውን ማራቅ፣ የስፒከር ሽቦዎቹንም አሳጥሮና እርስ በርስ ጠምዝዞ መዘርጋት ነው። ሌላው እንከን ጥገና ነው። የቲዩብ አምፕሊፋየር ዕቃው በዓይን የሚታይ፣ በእጅ የሚነቀል ነው። የክላስ ዲ ክፍሎች ግን እጅግ ጥቃቅን ስለሆኑ ሲበላሹ ብዙውን ጊዜ ሙሉው ሰሌዳ ይጣላል።

በቲዩብ በኩል ያለው እንከን ግን ሕይወትን ይመለከታል። በውስጡ ከ250 ቮልት በላይ ይገኛል፤ ካፓሲተሮቹም ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላ እንኳ ይህን ቮልቴጅ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። የአያቶቹን ባለ ቲዩብ ራዲዮ መፍታት የሚፈልግ ተማሪ ሥራውን በሚያውቅ ቴክኒሻን ፊት ካልሆነ በስተቀር ክዳኑን አይክፈት።

ራሳችን እንለካ

ክዳን ሳይከፈት የሚሠራ አንድ መለኪያ እነሆ። አምፕሊፋየሩን እናጥፋና ስፒከሩን አላቅቀን በምትኩ እያንዳንዳቸው 8 ኦምና 5 ዋት የሆኑ ሁለት ሪዚስተሮችን በተከታታይ እናገናኝ፤ ድምሩ 16 ኦም ይሆናል። አምፕሊፋየሩን አብርተን የ200 ሄርትዝ ድምፅ እያጫወትን በመልቲሜትር ቮልቴጁን ወደ 2 ቮልት እናስተካክል። ከዚያም አጥፍተን አንዱን ሪዚስተር እናውጣና የድምፁን ልክ ሳንነካ እንደገና እንለካ። የመጀመሪያው 2.00፣ ሁለተኛው 1.75 ቮልት ቢሆን የቮልቴጁ ልዩነት 0.25 ነው። ኮረንቲው በመጀመሪያ 0.125፣ በኋላ 0.219 አምፔር ስለነበረ ልዩነቱ 0.094 ይሆናል። የመጀመሪያውን ልዩነት ለሁለተኛው ስናካፍል 2.7 ኦም እናገኛለን፤ የውስጥ ኢምፒዳንሱ ይህ ነው። ቮልቴጁ ምንም ያህል ካልተለወጠ ኢምፒዳንሱ እጅግ ትንሽ ነው። የቲዩብ አምፕሊፋየር ግን ያለ ስፒከር ወይም ያለ ሪዚስተር ድምፅ ሊጫወትበት አይገባም፤ ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላል።

በአጠቃላይ፣ ክላስ ዲ የተሰጠውን ምልክት ይበልጥ ሳይለውጥ፣ በጥቂት ኃይልና በጥቂት ሙቀት ያደርሳል። ቲዩብ ደግሞ ከራሱ ጥቂት ቀለም ይጨምራል። ቀለሙን መውደድ ነውር አይደለም፤ የቀለሙን ምንጭ ማወቅ ግን ከማይገባ ወጪ ያድናል። ባትሪው ለመብራትም ለሙዚቃም መድረስ ባለበት ቤት ምርጫው ክላስ ዲ ነው። ከዚያ የሚተርፍ ገንዘብ ካለም በቅድሚያ ለተሻለ ስፒከር ቢውል ለውጡን ጆሮ በቶሎ ያስተውለዋል።