ጤና አዳም ድርቅ ይችላል

ዛሬ የምናነበው ስለ አንድ የጓሮ ተክል ነው። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጤና አዳም ነው።

ቡና ሲቀዳ ቅጠሉን ስኒው ውስጥ ጣል እናደርጋለን። አይብ ላይም እንጨምረዋለን። ፍሬው ደርቆ ከበርበሬ ጋር ይፈጫል። ብዙ ሰው ግን ከገበያ ነው የሚገዛው። «ለምን አትተክልም?» ሲባል፣ «በምን ውሃ?» ይላል።

እውነት ነው፤ በሰቆጣ አገር ውሃ ውድ ነው። የዋግ ኽምራ መሬት ገደልና ድንጋይ ይበዛዋል። ዝናቡ በሐምሌና በነሐሴ ይመጣል፤ ቶሎም ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ ፀሐይ ብቻ ነው። ውሃውን ከሩቅ ተሸክመው የሚያመጡት እናቶችና ልጆች ናቸው። የ1977 ዓ.ም. ድርቅን ያዩ ሽማግሌዎች ዛሬም አይረሱትም።

ነገር ግን ሁሉም ተክል እንደ ጎመን አይደለም። ጎመን ውሃ ሲያጣ ወዲያው ይጠወልጋል። ጤና አዳም ይታገሣል። የጥንት አገሩ በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ ነው። እዚያም በጋው ደረቅ ነው፤ መሬቱም ድንጋያማ ነው። እስቲ ቅጠሉን ተመልከቱ። ትንንሽ ነው። ትንሽ ቅጠል ውሃ አያባክንም። ግንዱም ከታች እንደ እንጨት ይጠነክራል። አንድ ጊዜ ከያዘ ለብዙ ዓመት ይኖራል። በየዓመቱ መዝራት የለም።

እንዴት ይተከላል?

1. ፀሐይ የማይለየው ቦታ ምረጡ። ውሃ የሚተኛበት ቦታ አይሆንም። ጤና አዳምን ከጥም ይልቅ የሚገድለው ረግረግ ነው፤ ሥሩ ይበሰብሳል። ስለዚህ ከፍ ያለ መደብ ሥሩለት።

2. ሐምሌ ሲገባ ከጎረቤት አንድ ስንዝር የሚሆን ቅርንጫፍ ለምኑ። አበባ ያልያዘ ይሁን። የታችኛውን ቅጠል አራግፋችሁ ግማሹን አፈር ውስጥ ቅበሩት። ከአንዱ እስከ ሌላው 1 ክንድ ያህል ይራቅ።

3. ዙሪያውን ድንጋይ ደርድሩ። ድንጋይ አፈሩን ከፀሐይ ይሸፍናል። እርጥበቱ ቶሎ አይሄድም። ዋግ ደግሞ ድንጋይ አይቸግረውም!

4. ዝናቡ ሲያበቃ እጅ የታጠባችሁበትን ውሃ አትድፉ። በሥሩ ቀስ አድርጋችሁ አፍስሱለት። ሳሙና የበዛበት ግን አይሁን። በመጀመሪያው በጋ በሳምንት 1 ወይም 2 ጊዜ ይበቃዋል። በሁለተኛው ዓመት ከዚያም ባነሰ ይኖራል።

5. ፍሬው ሲደርቅ ልቀሙ። ከዚያ ጫፍ ጫፉን ቁረጡለት፤ አዲስ ቅርንጫፍ ያወጣል። እስከ እንጨቱ ድረስ አትቁረጡት።

ጦስኝና አሪቲም እንደዚሁ ፀሐይ ይወዳሉ። ከጤና አዳም አጠገብ ትከሏቸው። የጦስኝ አበባ ንብ ይጠራል። ቀፎ ላለው ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ተጠንቀቁ!

ስሙ ጤና ቢሆንም ያለ ልክ ከተወሰደ ይጎዳል።

ነፍሰ ጡር ሴት ጤና አዳም ጨምቃ ወይም ቀቅላ አትጠጣ። ደም ሊያፈሳት፣ ፅንሱንም ሊያስወርዳት ይችላል። በቡናም ቢሆን ብትተወው ይሻላል።

ሕፃን ሆዱን ሲቆርጠው ጨምቀው የሚያጠጡ አሉ። ይህ ይቅር። ሕፃን እስከ 6 ወር ድረስ የእናቱ ጡት ብቻ ይበቃዋል። ከታመመ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

የቅጠሉ ጭማቂ ቆዳ ነክቶ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፤ ውሃም ይቋጥራል። ስለዚህ ወደ ማታ ቁረጡት። ከዚያ እጃችሁን ታጠቡ።

ጤና አዳም እህልን አይተካም። ሆኖም ከሚደፋ ውሃና ከድንጋይ መካከል የሚገኝ ጥቅም ነው። ለቤት ይሆናል። የተረፈው ታስሮ ገበያ ይወጣል። ለጎረቤትም አንድ ቅርንጫፍ መስጠት አትርሱ።

እንወያይ

1. ጤና አዳም ውሃ በሚተኛበት ቦታ ቢተከል ምን ይሆናል?
2. በቤታችሁ በየቀኑ ምን ያህል ውሃ ይደፋል? ለምን ሊውል ይችላል?
3. ጎረቤታችሁ ለሕፃኗ ጤና አዳም ጨምቃ ስታጠጣ ብታዩ ምን ትሏታላችሁ?