ገቢው ጨመረ! ድህነቱስ?

ለመሆኑ ድሃ ማለት ማን ነው? «ብር የሌለው ነዋ!» ትሉኝ ይሆናል። መቼም እኛ ወጣቶች ሰውን የምንለካው በደመወዙ ነው። ጓደኛችን እጮኛዋን ስታስተዋውቀን ከስሙ ቀጥለን የምንጠይቀው «ስንት ይከፈለዋል?» ብለን ነው። ብሩ በዛ ካለ «ተገላገለች!» እንላለን። እኔ ግን ዛሬ የማይዋጥላችሁን ነገር ልናገር ነው፤ ገቢው በጨመረ ቁጥር ድህነቱም አብሮ የሚጨምርበት ቤት አለ።

እንዴት? አትሉኝም?

እኔ በምኖርባት በኩየራ፣ ከሻሸመኔ ወደ አርሲ ነገሌ ስትሄዱ በምታገኟት ከተማ፣ አንዲት እናት አውቃለሁ። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ድንችና ሽንኩርት እየቸረቸሩ ሦስት ልጆች ያሳድጋሉ። አምና ታላቁ ልጃቸው ከአምስተኛ ክፍል አቋርጦ የአባቱን ጋሪ መንዳት ጀመረ። ዕድሜው 12 ነው። ከዚያ ወዲህ ዘይት ከቤት አይጠፋም፣ ኪራዩም በቀኑ ይከፈላል። «ተመስገን! ልጄ ደረሰልኝ» ይላሉ እናትየው። ጎረቤቱም ይመርቀዋል። እኔ ደግሞ «ስንተኛ ክፍል ነህ?» አልኩት። «አምስተኛ ነበርኩ» ብሎኝ ፈረሱን ነድቶ ሄደ።

በብር ብቻ ከለካነው ይህ ቤተሰብ ከድህነት እየወጣ ነው። እስቲ በሌላ ሚዛን እንየው።

እ.ኤ.አ. በ2010 የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም አንድ መለኪያ አወጡ። ስለ ገቢ ጨርሶ አይጠይቅም። የሚጠይቀው አሥር ነገር ነው። አራቱ ከባዶች ናቸው፦ በምግብ እጥረት የተጎዳ ሰው አለ? በቅርብ ዓመታት ልጅ ሞቷል? ስድስት ዓመት የተማረ ሰው ይገኛል? ለትምህርት ደርሶ የማይማር ልጅ አለ? ስድስቱ ደግሞ የኑሮ ናቸው፦ ማገዶ፣ መጸዳጃ፣ ውሃ፣ መብራት፣ ቤቱ የተሠራበት ነገርና የቤት ንብረት። ሒሳቡን በነጥብ ላቅልላችሁ። ከከባዶቹ አንዱ ከጎደለ 3፣ ከኑሮዎቹ አንዱ ከጎደለ 1 ነጥብ ይያዛል። ጠቅላላው 18 ነው። 6 ነጥብ የሞላበት ቤት ድሃ ይባላል።

አሁን ወደ ባለጋሪው ቤት እንግባ። እናትየው ስምንተኛ ክፍል ጨርሰዋል፣ መብራት አለ፣ ቧንቧም ቅርብ ነው። ጋሪው ራሱ ከስልኩና ከሬዲዮው ጋር ንብረት ተብሎ ይቆጠርላቸዋል። ነገር ግን የሚያበስሉት በከሰል ነው፤ 1። መጸዳጃው የጋራ ነው፤ 2። ወለሉ አፈር ነው፤ 3። ልጁ አይማርም፤ ሌላ 3። ድምር 6! ልጁ ትምህርት ቤት ቢሆን ኖሮ 3 ላይ ይቆሙ ነበር። ዘይቱን የገዛው ብር የመጣው የልጁ ደብተር ተሸጦ ነው ማለት ነው።

ይኼ የአንድ ቤት ጣጣ እንዳይመስላችሁ። በ2008 ዓ.ም. በመንግሥት ስሌት፣ በብር ሲለካ፣ ከኢትዮጵያ ሕዝብ ድሃ የተባለው ከመቶ 23.5 ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 በተሰበሰበ መረጃ በአሥሩ ጥያቄዎች ሲለካ ግን ከመቶ ወደ 69 ደረሰ። ዓመቱ ቢለያይም ልዩነቱ ያስደነግጣል።

«ሀብታም አገር ግን ብር ይበቃል» የሚል አይጠፋም። አይበቃም! ፒተር ታውንሴንድ የተባለው እንግሊዛዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው መጽሐፉ የሀገሩን ሰዎች ከጠየቃቸው ነገሮች አንዱ «ባለፉት አራት ሳምንታት ዘመድ ወይም ጓደኛ ቤታችሁ ጠርታችሁ ጋብዛችኋል?» የሚል ነበር። ዛሬም የአውሮፓ ኅብረት 13 ነገሮችን ይጠይቃል። ከእነሱ አንዱ በወር አንድ ቀን ከወዳጅ ጋር ለመብላት ወይም ለመጠጣት አቅም መኖሩ ነው። ለምን ቢባል ድህነት ሰውን ከሰው ይለያላ! እኛ ዘንድ ቢሆን «የቡና ተራ ሲደርስብዎ ያፈላሉ ወይስ አሞኛል ብለው ይቀራሉ?» መባል ነበረበት።

ታዲያ ምን ይሻላል? ለእናትየው «ትምህርት በፈረቃ ነው፤ ግማሽ ቀን ይማር፣ ግማሽ ቀን ይንዳ» ብያቸው ነበር። «ኪራዩን ማን ይሞላል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ልጁ ግን አዳማ የምትሠራ አክስት አለችው። ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ ለበግ የሚሆን ትልካለች። የበጉን ብር ለአሥራ ሁለት ወር ብታካፍለው የጎደለውን ፈረቃ ይደጉም ነበር።

እንግዲህ አዲስ አበባም ሆነ አዳማ ሆናችሁ ለቤተሰብ የምትልኩ እህት ወንድሞቼ፣ ስልክ ስትደውሉ «ብሩ ደረሳችሁ?» ብላችሁ አትዝጉ። «ልጁ ስንተኛ ክፍል ነው?» በሉ። የምታገቡትንም ሰው ስንት እንደሚከፈለው ከጠየቃችሁ በኋላ፣ ለዚያ ብር ሲል ምን እንደጎደለበት ጠይቁ።