ሰዓቱ 412 አለ፤ ጀበናውስ?

እህቴ የምትኖረው ናይሮቢ፣ ሩንዳ ነው፤ አጥሩ በዛፍ የተሸፈነበት፣ መንገዱ ጸጥ ያለበት የካሩራ ደን ጎረቤት ሰፈር። ጠዋት ጠዋት አንድ ሰዓት ትራመዳለች። ባለፈው ቅዳሜ እንደተመለሰች ወጥ ቤት ገብታ ሰዓት ያሰረችበትን ክንዷን ዘረጋችልኝ።

«412 ካሎሪ! ዛሬ ፍርፍሩን በቅቤ ነው የማደርገው፤ ሠርቼበታለሁ።»

«እትዬ፣ ሰዓቱ እኮ ካሎሪ አይለካም።»

«ታዲያ ምን ይለካል?»

የልብ ምት። ከሥሩ ብልጭ የምትለው አረንጓዴ መብራት ቆዳ ሥር ያለውን የደም ሞገድ ትቆጥራለች። ሰዓቱ በዚያ ላይ የክንድ እንቅስቃሴን፣ ዕድሜንና ክብደትን ደምሮ ካሎሪውን ይገምታል። ልብ ከፈጠነ ሰውነት ብዙ ኦክስጅን እየፈጀ ነው ብሎ ያስባል ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው። ግን ልብ በሙቀትም፣ በቡናም፣ በድንጋጤም ይፈጥናል። ሩንዳ ውስጥ ከአጥር ጀርባ አንድ የዘበኛ ውሻ ድንገት ሲጮህ ምቱ ሽቅብ ይዘላል፤ እግር ግን ያንኑ መንገድ ነው የሄደው። እ.ኤ.አ. በ2017 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ሰባት የእጅ መሣሪያዎችን ፈትነው ነበር። ስድስቱ የልብ ምትን ደህና አድርገው ቆጠሩ። ካሎሪ ላይ ግን ከሁሉ የተሻለው በአማካይ 27 በመቶ ሳተ፤ የባሰው 93 በመቶ።

ቁም ነገር ያለው ልኬት የሚገኘው ከጭንብል ነው፤ አፍና አፍንጫ ተሸፍኖ የሚገባውና የሚወጣው አየር ይለካል። ሰውነት አንድ ሊትር ኦክስጅን በተጠቀመ ቁጥር 5 ካሎሪ ገደማ ያቃጥላል።

ጭንብል የለንም፤ ፖስታ ገልብጠን ጀርባው ላይ አሰላን። እህቴ 70 ኪሎ ናት (አስፈቅጄ ነው የጻፍኩት)። ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው በሰዓት ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 1 ካሎሪ ገደማ ይፈጃል። በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ሜዳ ላይ የሚራመድ ደግሞ የዚህን ሦስት እጥፍ ተኩል ያህል። 70 በ3.5 ሲባዛ 245 ነው። ግን ከዚህ ውስጥ 70ው ሶፋ ላይ ብትጋደምም አይቀርላትም ነበር። የጉዞዋ ድርሻ 175 ብቻ።

«175 ምን ያህል ነው?» አለች፣ ቅር ብሏት።

እሳት ላይ የተጣደውን ጀበና አሳየኋት። በምግብ ቋንቋ 1 ካሎሪ የአንድ ሊትር ውሃን ሙቀት በ1 ዲግሪ የሚያሳድግ ጉልበት ነው። ናይሮቢ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከ20 ዲግሪ ለተነሳ አንድ ሊትር 74 ካሎሪ ይበቃዋል። የአንድ ሰዓት ጉዞዋ እንግዲህ ሁለት ሊትር ከሲሶ ያህል ውሃ ያፈላል። ወይም አንድ ሾርባ ማንኪያ ተኩል ዘይት ነው፤ አንዱ ማንኪያ 120 ካሎሪ ይደርሳልና።

ሩጫ ለስሌት ይቀላል፦ ለአንድ ኪሎ ክብደት፣ ለአንድ ኪሎ ሜትር፣ 1 ካሎሪ። ፍጥነቱ ብዙም ለውጥ አያመጣም። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ነበር የጨረሰው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ማራቶንን በዚያ ፍጥነት ቢሮጠውም በአራት ሰዓት ቢጨርሰውም 2,500 ካሎሪ አካባቢ ያወጣል።

አንድ ነገር ግን አስገርሞኛል። ከኬንያ ድንበር ማዶ፣ ታንዛንያ ውስጥ የሚኖሩት ሀድዛዎች አዳኞችና ሥር ቆፋሪዎች ናቸው፤ ቀኑን ሲሄዱ ይውላሉ። ተመራማሪው ኸርማን ፖንትዘርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ የሰውነት መጠን ልዩነት ከግምት ሲገባ፣ ሀድዛዎች በቀን የሚያቃጥሉት ከአሜሪካና ከአውሮፓ ሰዎች የማይበልጥ ሆኖ ተገኘ። የፖንትዘር ማብራሪያ ሰውነት በእግር ያወጣውን ከሌላ ቦታ ይቆጥባል የሚል ነው።

«ታዲያ ለምን እደክማለሁ?»

ለልቧ፣ ለደም ግፊቷና ለእንቅልፏ ነዋ። ለቅቤው ግን አይደለም።

ሰዓት የሌላችሁ አትቸገሩ፦ ክብደታችሁን በሄዳችሁበት ኪሎ ሜትር አባዙት። ሩጫ ከሆነ እዚያው ይብቃችሁ፤ የእግር ጉዞ ከሆነ ለሁለት አካፍሉት፤ ዳገት ካለው ትንሽ ጨምሩበት።