አንጎላችንና አንደበታችን

አንድ ጎልማሳ ማታ ደህና ተኝቶ ጠዋት ሲነሣ ቀኝ እጁ አልታዘዝ ይለዋል። አፉ ወደ አንድ ጎን ጠመም ብሏል። ሚስቱ «ምን ነካህ?» ስትለው ሊመልስላት ይታገላል፤ ቃል ግን አይወጣውም። ጎረቤት ይሰበሰባል። አንዱ «መጋኛ መታው» ይላል። ሌላው «የለም፣ ምች ነው» ይላል። ጥቂት ቀናት ካለፉ በኋላ ደግሞ ሰውየው እዚያው ተቀምጦ ሳለ «እሱማ አእምሮውን ስቷል፤ በሬዎቹን ማን ይረከብ?» እየተባለ በፊቱ ይወራል። ሰውየው ግን ይሰማል። የሚባለውም ይገባዋል። የቸገረው መመለሻ ቃል ነው።

ታዲያ ይህ እንዴት ሊሆን ይችላል? ማሰብና መናገር አንድ አይደሉም እንዴ? ለዚህ ጥያቄ ትልቅ ፍንጭ የተገኘው በፈረንሳይ አገር፣ በፓሪስ ከተማ፣ ከአንድ በሽተኛ አልጋ አጠገብ ነው።

በሽተኛው ሌቦርኝ ይባል ነበር። ሥራው ጫማ ሰፊዎች የሚገለገሉበትን የእንጨት ቅርጽ መሥራት ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚጥል በሽታ ነበረበት። በ30 ዓመቱ ገደማ አንደበቱ ተዘጋና ቢሴትር ወደሚባለው ሆስፒታል ገባ። እዚያም 21 ዓመት ኖረ። ምንም ነገር ቢጠየቅ መልሱ «ታን፣ ታን» ብቻ ነበር። ስለዚህ ሰዎቹ «ታን» የሚል ስም አወጡለት። የሚገርመው ግን በጣም ሲናደድ አንዲት የፈረንሳይኛ እርግማን ጥርት አድርጎ ያወጣ ነበር።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1861 በአፕሪል ወር የሌቦርኝ ቀኝ እግር በጽኑ ታመመና ፖል ብሮካ ወደተባለው ቀዶ ሐኪም ዘንድ ተወሰደ። ሐኪሙ «እዚህ ሆስፒታል ስንት ዓመት ሆነህ?» ሲል ጠየቀው። ሌቦርኝ አምስት ጣቶቹን አራት ጊዜ ዘረጋ፤ ከዚያ አንድ ጣት ጨመረ። ቁጠሩት፤ 21 ነው! በማግሥቱም ተጠይቆ ያንኑ መለሰ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠየቅ ግን እየተፈተነ መሆኑ ገባውና ተቆጣ፤ ያችንም እርግማን አወጣ። እንግዲህ ዓመቱን የሚቆጥር፣ ሲፈትኑትም የሚነቃ ሰው እንዴት አእምሮውን ስቷል ይባላል?

ሌቦርኝ በዚያው ወር በ17ኛው ቀን ሞተ። ብሮካ የራስ ቅሉን ከፍቶ ሲመረምር በአንጎሉ በግራ በኩል፣ ከፊት ለፊት ገደማ፣ የዶሮ እንቁላል የሚያክል ጉድጓድ አገኘ። በዚያው ዓመት ሌሎንግ የሚባል የ84 ዓመት ሽማግሌ መጣ። እሱ የሚናገረው አምስት ቃላት ብቻ ነበር። ቁጥር ሁሉ በእሱ አፍ «ሦስት» ነው። «ስንት ልጆች አሉዎት?» ሲሉት «ሦስት» ይልና አራት ጣት ያሳያል። አፉ ቢሳሳትም ጣቱ አልተሳሳተም። እሱም ሲሞት ጉዳቱ በዚያው በግራው የፊት ክፍል ተገኘ።

የሰው አንጎል ክብደቱ አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። እንደ ለውዝ ፍሬ ለሁለት የተከፈለ ነው። የግራው ክፍል የሰውነታችንን ቀኝ ጎን ያዛል፤ የቀኙ ደግሞ ግራ ጎናችንን ያዛል። የአብዛኛው ሰው የቋንቋ ሥራ የሚካሄደው በግራው ክፍል ነው። ቀኝ እጅና አንደበት ብዙ ጊዜ አብረው የሚያዙትም ለዚህ ነው።

በ1874 ካርል ቬርኒኬ የሚባል የ26 ዓመት ጀርመናዊ ሐኪም ሌላ ዓይነት ጉዳት ገለጸ። ይህኛው የሚገኘው ወደ ኋላ፣ ከግራው ጆሮ አካባቢ ነው። በዚህ የተጎዳ ሰው ንግግሩ እንደ ውሃ ይፈሳል፤ ግን ትርጉም የለውም። የሌላውንም ንግግር በደንብ አይረዳም። እንዲህ ያለውን ሰው «አበደ» ማለት ይቀናናል። ስሕተት ነው። ዛሬ እንደሚታወቀው ደግሞ ቋንቋ በሁለት ቦታ ብቻ የተቀመጠ ሳይሆን ብዙ ቦታዎች እንደ መንገድ ተያይዘው የሚሠሩት ሥራ ነው። ብሮካ የሁለቱን ሰዎች አንጎል ሳይቆርጥ አስቀምጦት ስለነበር በ2007 በዘመናዊ መሣሪያ ፎቶግራፍ ተነሣ። ጉዳቱም ብሮካ በዓይኑ ካየው ይልቅ ወደ ውስጥ የጠለቀ ሆኖ ተገኘ።

ማንበብስ? እዚህ ላይ በዕድሜ ፊደል ለቆጠርን ሰዎች ልዩ የሆነ ታሪክ አለ። በ1887 በዚያው በፓሪስ አንድ የ68 ዓመት ሰው በድንገት ማንበብ አቃተው። መነጽር የሚያስፈልገው መስሎት የዓይን ሐኪም ዘንድ ሄደ። ዓይኑ ግን ፊደሎቹን ያያል። አንዷን «እባብ ትመስላለች»፣ ሌላዋን «የቀበቶ ዘለበት ትመስላለች» ይላል እንጂ ስማቸው አይመጣለትም። መናገር ይችላል፤ ቁጥር ያነባል፤ ሒሳብም ይሠራል። ከሁሉ የሚያስገርመው መጻፍ መቻሉ ነው! ደብዳቤ አሳምሮ ይጽፋል፤ ቆየት ብሎ ግን ራሱ የጻፈውን ማንበብ አይችልም። የፊደሉን ቅርጽ በጣቱ ተከትሎ ሲሄድ ብቻ ስሙን ያስታውሰዋል። እኛም «ሀ»ን አሸዋ ላይ በጣታችን ስንከተል እጃችን የራሱን ትምህርት ይዞ ቀርቷል ማለት ነው።

ሰውየው አራት ዓመት ያህል በዚህ ሁኔታ ኖረ። በ1892 ሁለተኛ ሕመም ሲመታው መጻፉም ጠፋ፤ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ዴዠሪን የሚባለው ሐኪም ሲመረምረው የቆየው ጉዳት ከዓይን የመጣው መልእክት ወደ ቋንቋ ክፍል የሚሻገርበትን መንገድ ቆርጦት አገኘ።

በ2010 የታተመ በብራዚልና በፖርቱጋል የተደረገ ጥናትም አለ። ያልተማሩ ሰዎች፣ በልጅነት የተማሩና በጉልምስና ማንበብ የተማሩ ሰዎች ተወዳደሩ። በጉልምስና በተማሩትም ዘንድ ከአንጎል ግራ ክፍል፣ ከኋላ በታች፣ ለፊደል የሚነቃ ቦታ ተገኘ። «እንግዲህ አርጅቻለሁ፣ ፊደል አይገባኝም» የሚል ሰው ይህን ይስማ።

አሁን ወደዚያ አፉ ወደተዘጋው ጎልማሳ እንመለስ። ጉዳቱ የመጣው ወደ አንጎል የሚሄድ የደም ሥር ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ ነው። ዛሬ ብዙ ሰው ስትሮክ ይለዋል። ዋነኛ አምጪው ደም ብዛት ነው። ደም ብዛት ሳያመን ሊቆይ ስለሚችል ሳይለኩት አይታወቅም። ፊት ሲጠም፣ አንድ እጅ ሲዝል፣ ንግግር ሲንተባተብ ጊዜ ሳያባክኑ ወደ ሐኪም መውሰድ ነው። የተዘጋውን ደም ሥር የሚከፍተው መድኃኒት የሚሰጠው ሕመሙ ከጀመረ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ስለዚህ የጀመረበትን ሰዓት ያዙ። ትንታ ስለሚያስፈራ በአፉ ምግብም ውሃም አትስጡት።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የቤተ ሰብ ነው። ደንቆሮ አይደለምና አትጩኹበት። ዝግ ብላችሁ፣ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ። «ምን ትፈልጋለህ?» ከማለት «ውሃ ትፈልጋለህ?» ማለት ይሻላል፤ ራሱን ነቅንቆ ይመልሳል። የጀመረውን ቃል አትንጠቁት። መናገር ያቃተው ሰው የለመደውን ጸሎት ወይም ዘፈን ሲያወጣ ሊሰማ ይችላል፤ ሌቦርኝ እርግማኗን ያወጣት እንደነበረው ነው። «ታዲያ ሲያስመስል ነበር!» አትበሉት። ከሁሉ የፈጠነው መሻሻል የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው፤ ከዚያም በኋላ ለዓመታት ቀስ እያለ የሚመለስ ቃል አለ። ስለ በሬዎቹ መነጋገር ካስፈለገም እሱኑ ጠይቁት። ስንቱ ይሸጥ እንደሆነ በጣቱ ያሳያችኋል።