አውቶሞቢል በፈጣን ጕዞ ጊዜ ስለሚወላወልበት ምክንያትና ስለ መመርመሪያው

አውቶሞቢል ወደ አገራችን የገባው በ1900 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ሲሆን፤ ያመጣውም ቤድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ነው። በዚያን ጊዜ ሰውን ያስደነቀው ነገር ያለ ፈረስ መሄዱ ነበር። ዛሬ ግን የሚያሳስበን መሄዱ ሳይሆን፤ ፈጥኖ በሚሄድበት ጊዜ በመንገዱ ላይ ጸንቶ መሄዱ ነው። የመንግሥት ሥራም የገበሬውም ፍሬ በመኪና የሚጓጓዝ ስለ ሆነ፤ ሹማምንትና ባለ እርሻዎች ይህን ነገር በመጠኑ ቢያውቁት ሰውም ከሞት ገንዘብም ከጥፋት ይድናል።

ለዚህ ነገር የጋሞ አገር መልካም ምሳሌ ይሆነናል። ኦቾሎ ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን በአለታማ ተራራ ላይ የተቀመጠች መንደር ናት፤ ከበታችዋም የአባያ ሐይቅ ሜዳ ተዘርግቶ ይታያል። በዚሁ ሜዳ በላንቴና በአካባቢው የሚበቅለው ሙዝ ከወላይታ ሶዶ በሚመጣው የአስፋልት መንገድ ወደ አዲስ አበባ ይጫናል። መኪናው በተራራው አቀበት በሰዓት 20 ወይም 30 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ምንም ጕድለት የሌለበት ይመስላል። ወደ ሜዳው ወርዶ 80 ወይም 90 ኪሎ ሜትር በደረሰ ጊዜ ግን መሪው ይንቀጠቀጣል፤ ወይም መኪናው ወዲያና ወዲህ ይላል። ሾፌሩም ብዙ ጊዜ በመንገዱ ወይም በነፋሱ ያመካኛል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም፤ ጕድለቱ በአቀበቱም ላይ አብሮት ነበረ፤ ፍጥነቱ ገለጠው እንጂ አልፈጠረውም።

ምክንያቱም ይህ ነው። በሚሽከረከር ጐማ ላይ በአንድ ወገን የተረፈ ክብደት ያለ እንደ ሆነ፤ ጐማውን የሚያናውጠው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር በእኩል መጠን አያድግም። ፍጥነቱ ከ40 ወደ 80 ኪሎ ሜትር እጥፍ ቢሆን፤ ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። በጠመዝማዛ ቦታ መኪናውን ወደ ውጭ የሚገፋውም ኃይል እንደዚሁ ነው።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ሾፌሩን ሦስት ነገር መጠየቅ ይገባል፤ ይኸውም የሚሰማው ምንድር ነው፤ በየትኛው ፍጥነት ነው፤ በምን ጊዜ ነው በማለት ነው። መልሱ መንገዱን ያሳያል።

1ኛ፤ መሪው በተወሰነ ፍጥነት ብቻ የሚንቀጠቀጥ፤ ከዚያም በታች በላይም የሚበርድለት የሆነ እንደ ሆነ፤ የፊት ጐማዎች ክብደት አልተመጣጠነም ማለት ነው። ከመሪው ይልቅ መቀመጫው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ወደ ኋላ ጐማዎች መመልከት ያስፈልጋል። በክረምት በቸርኬው ውስጥ ተጣብቆ የደረቀ ጭቃ ብቻውን ይህን ሊያደርግ ይችላል፤ ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ቸርኬውን ከውስጥ በኩል በውሃ ማጠብ ነው። ካልተወው ወደ ጎሚስታ ወስዶ ባላንስ ማሠራት ይገባል።

2ኛ፤ መንቀጥቀጡ የሚሰማው ፍሬን ሲያዝ ብቻ ከሆነ፤ ጥፋቱ ከጐማው ሳይሆን ከፍሬኑ ዲስክ ወይም ከበሮ መጣመም ነው።

3ኛ፤ መኪናው ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚጐትት ከሆነ፤ የግራና የቀኝ ጐማ ነፋስ እኩል አይደለም፤ ወይም አንደኛው ፍሬን ይዞ ቀርቷል፤ ወይም የፊት ጐማዎች አቅጣጫ ተዛብቷል።

4ኛ፤ ሳይንቀጠቀጥ እንደ ሰከረ ሰው ወዲያና ወዲህ የሚል ከሆነ፤ የመሪው ዘንጎች መጋጠሚያ ላልቷል፤ ወይም ጐማው ነፋስ አንሶታል፤ ወይም ጭነቱ ያለ ቦታው ተቀምጧል።

የጐማ ነፋስ የሚለካው ጧት መኪናው ሳይንቀሳቀስ ነው። መጠኑም በብዙ መኪናዎች በሾፌሩ በር አጠገብ በተለጠፈው ጽሑፍ ይገኛል። አንዳንድ ሾፌሮች በቈላው ሙቀት ጐማው ሲግል ተወጥሯል ብለው ነፋሱን ያስተነፍሱታል፤ ይህ አደገኛ ነገር ነው። ጐማው ሲበርድ ነፋሱ ከሚገባው በታች ይሆናል፤ ነፋስ ያነሰው ጐማም ሲሄድ እየታጠፈና እየተዘረጋ ይበልጥ ይግላል፤ በመጨረሻም ይፈነዳል። የጐማው ዕድሜ ደግሞ ከጐኑ ከተጻፉት አራት አኃዞች ይታወቃል፤ ለምሳሌ 2319 የሚል ቢገኝ፤ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2019 ዓ.ም. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። ያረጀ ጐማ ጥርሱ ባያልቅም ላስቲኩ ይሰነጣጠቃልና አይታመንም።

ስለ ጭነትም ልብ ማለት ይገባል። ሙዙ ወደ ላይ በተቈለለ መጠን መኪናው በጠመዝማዛ ቦታ ለመገልበጥ ይቀርባል፤ ከሐይቁ ወገን የሚመጣውም ነፋስ ሰፊ ጐን አግኝቶ ይገፋዋል። ከባዱ ጭነት ከኋላ ጐማ ወዲያ የወጣ እንደ ሆነ፤ የመኪናው ፊት ይቀልላል፤ መሪውም መንገዱን አይዝም። በላንድ ክሩዘር ጣራ ላይ ብዙ ዕቃ የሚያስጭን ሹምም ይህንኑ አደጋ በራሱ ላይ ያመጣል።

ይህ ሁሉ ታይቶ መወላወሉ ያልተወ እንደ ሆነ፤ መኪናውን በደልዳላ ቦታ አቁሞ፤ የቀሩትን ጐማዎች በድንጋይ አስደግፎ፤ አንዱን የፊት ጐማ በክሪክ ማንሣት ነው። ጐማውን ከላይና ከታች ይዘው ሲነቀንቁት የሚላላ ከሆነ ኩሽኔታው ወይም የጐማው መያዣ መጋጠሚያ አልቋል፤ ከግራና ከቀኝ ይዘው ሲነቀንቁት የሚላላ ከሆነ ግን የመሪው ዘንግ መጋጠሚያ ነው። ከዚያ በኋላ መኪናውን በየማዕዘኑ ወደ ታች ተጭኖ መልቀቅ ነው፤ አንድ ጊዜ ተነሥቶ ካልረጋና ደጋግሞ ከዘለለ፤ አሞርዛቶር የሚባለው ንዝረት አብራጅ ሥራውን ትቷል። የባሌስትራውም ቅጠል እንዳልተሰበረ መመልከት ያስፈልጋል። የጐማ አቅጣጫ ማስተካከል የሚደረገው ከሁሉ በኋላ ነው፤ የላላ መጋጠሚያ ሳይለወጥ ቢስተካከል፤ በጥቂት ቀን ተመልሶ ይዛባልና ገንዘቡ በከንቱ ይጠፋል።

በጋሞ አገር ሽማግሎች በዱቡሻ ተሰብስበው ነገር ሲያዩ፤ ሁሉም ሳይሰማ ፍርድ አይሰጥም። የመኪናም ምርመራ እንደዚሁ መሆን አለበት። ገና ነገሩ ሳይጣራ አዲስ ጐማ ግዙ፤ አዲስ ዕቃ ለውጡ የሚል መካኒክ ቢመጣ፤ ያየውን ጕድለት በእጁ ነክቶ እንዲያሳይ ማድረግ ነው።

መወላወሉ በመንገድ ላይ ድንገት የመጣ እንደ ሆነ፤ ሾፌሩ መሪውን በሁለት እጁ አጥብቆ ይያዝ፤ ነዳጁንም ቀስ ብሎ ይልቀቅ። ፍሬን በድንገት መርገጥና መሪውን በኃይል መጠምዘዝ ይገለብጣል። ፍጥነቱ ሲበርድ ከመንገዱ ወጥቶ ይቁም።

በአገራችን አውራ ጎዳና የሚሄደው መኪና ብቻ አይደለም። ሙዝ የተሸከመች ሴትም፤ ከብት የሚነዳ ልጅም፤ ከገበያ የሚመለስ ሽማግሌም በዚያው መንገድ ዳር ይሄዳሉ። መሪው የማይታዘዝ መኪና መጀመሪያ የሚያገኘው እነዚህን ነው። ስለዚህ ሾፌሩ መኪናው አይረጋም ብሎ ሲያመለክት፤ ለስብሰባ ዘገየን ወይም ሙዙ ይበሰብሳል ብሎ ማጣደፍ አይገባም። ለምርመራው የሚሆን ጊዜና ገንዘብ መስጠት የአለቃው ግዴታ ነው።