አሮጌ ሽጉጥ፣ አዲስ ጥይት

በአሜሪካ «ካውቦይ አክሽን ሹቲንግ» የሚባል የተኩስ ውድድር አለ። ተወዳዳሪው ሰፊ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ዓይነት መሣሪያ ታጥቆ ይገባል። አሸናፊው የሚለየው በሰዓት ነው፤ አንድ ኢላማ የሳተ 5 ሰከንድ ይጨመርበታል።

የሜዳው ኮከብ ኮልት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1873 ያወጣው ስድስት ጎራሽ ነው። ብዙዎቹ ጣሊያን አገር በዘመናዊ ብረት የተሠራውን ቅጂ ይዘው ይመጣሉ። ጣጣው ያለው ከአያቱ የወረሰውን ኦርጅናል ይዞ ከች የሚለው ጋ ነው።

ያ ሽጉጥ የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ነው። ኮልት ራሱ ለጭስ አልባው ባሩድ ዋስትና መስጠት የጀመረው በ1900 ነው። «45 ኮልት» ለሚባለው ጥይት የአሜሪካ አምራቾች የወሰኑት ከፍተኛ ግፊት 14 ሺህ ፒ.ኤስ.አይ. ነው። ነገር ግን በዚያው ስም፣ በዚያው ልክ፣ ጠንካራ ለሆኑት የሩገር ሽጉጦች ብቻ ተብሎ የሚሞላ ከባድ ጥይት አለ። ችግሩ አሮጌው ውስጥም ሸርተት ብሎ መግባቱ ነው! አርባ ሊሞላው የቀረበ ተከላካይ 90 ደቂቃ ሙሉ ፕሬስ እንዲያደርግ እንደማዘዝ ቁጠሩት። ምላጩ ሲሳብ መጀመሪያ የሚሰነጠቀው ጥይት የሚያዞረው ክፍል ነው፤ ግድግዳው ስስ ነዋ። ከላይ ያለው ብረትም አብሮ ሊበር ይችላል።

«357 ማግነም» በ1935 ሲወጣ መላ ተበጅቶለት ነበር። «38 ስፔሻል» ሽጉጥ ውስጥ እንዳይገባ ቀለሁ 3 ሚሊ ሜትር ያህል እንዲረዝም ተደረገ። ሆኖም በ1892ቱ የኮልት ሞዴል የጥይቱ ቀዳዳ ወጥ ሆኖ ስለተበሳ ማግነሙ እዚያ ሊገባ ይችላል። 35 ሺህ ፒ.ኤስ.አይ. የሚደርስ ጥይት!

«አንዴ ተኩሼበት ምንም አልሆነም» የሚለው ወሬ አያዋጣም፤ ብረት ድካሙን እያጠራቀመ ነው የሚሄደው። ሽጉጡ መጀመሪያ ባለሙያ ዘንድ ይቅረብ፤ ተከታታይ ቁጥሩ የተሠራበትን ዘመን ይናገራል፣ ስንጥቅም ካለ ይታያል። ጥይቱም ከነካርቶኑ ይገዛ፤ ማን እንደሞላው የማይታወቅ ልቅም ጥይት አይነካ። ካርቶኑ ላይ «ፕላስ ፒ» ካለ ከተለመደው የበለጠ ግፊት አለው ማለት ነው።

ደግሞስ ኃይሉ ለምን ይፈለጋል? በውድድሩ ደንብ የሽጉጥ ጥይት ፍጥነት በሰከንድ ከ1 ሺህ ጫማ፣ ማለትም ከ305 ሜትር ገደማ ማለፍ አይችልም። ከባድ ጥይት እጅን ወደ ላይ እየወረወረ ቀጣዩን ተኩስ ያዘገያል እንጂ ነጥብ አያመጣም።

ጥቁር ባሩድ ለሚተኩሱት የራሳቸው ምድብ አላቸው። ከሁለተኛው ተኩስ በኋላ ጭሱ ኢላማውን ይጋርደዋል፤ ተኳሹ እየገመተ ነው የሚቀጥለው። ተመልካቹ ግን ለዚህ ነው የሚመጣው።