ቀዩ ሽቦና የግጭ ከብቶች

በሬ የሰው ማሳ ገብቶ ባቄላ ጨረሰ እንበል። ወሩ ነሐሴ፣ ቦታው ዳባት ከሆነ ሽማግሌዎች ብዙ አይደክሙም፤ ባቄላውን ያጠፋው በሬውን ያለ እረኛ የለቀቀው ሰው ነው። ያው በሬ በጥር፣ አዝመራ ተነሥቶ ከብት ሁሉ ከተለቀቀ በኋላ፣ ሳይወቃ የዘገየ ክምር ቢበላ ግን ወቀሳው ወደ ክምሩ ባለቤት ያጋድላል። ለምን አላጠረውም? በሬው ያደረገው ያንኑ ነው፤ በላ።

ብዙ ፈላስፎች መንስኤን መለየት አንድ ነገር፣ ጥፋተኛን መፍረድ ሌላ ነገር ነው ይሉ ነበር። በ1959 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሁለት የኦክስፎርድ የሕግ ሊቃውንት፣ ሃርት እና ኦኖሬ፣ አንድ አትክልተኛ ይዘው መጡ። አበባው ውኃ አጥቶ ደረቀ። ያላጠጣው እሱ ብቻ አይደለም፤ ጎረቤቱም፣ አላፊ አግዳሚውም አላጠጣም። አደረቀው የምንለው ግን እሱን ነው፤ ግዴታው የእሱ ነበርና።

ሐሳቡ በሙከራ የተፈተነው ዘግይቶ ነው። በ2008 ጆሹዋ ኖብ እና ቤን ፍሬዘር ለሰዎች ይህን አቀረቡ፦ የአንድ የትምህርት ክፍል እንግዳ ተቀባይ ጠረጴዛዋ ላይ እስክሪብቶ ታስቀምጣለች። የቢሮ ሠራተኞች መውሰድ ይችላሉ፤ መምህራን ግን የራሳቸውን እንዲገዙ ደጋግማ አሳስባለች። አንድ ሰኞ ጠዋት አንድ የቢሮ ሠራተኛና ፕሮፌሰር ስሚዝ ሁለቱም ያነሳሉ። በኋላ ሴትዮዋ አስፈላጊ መልእክት ልትጽፍ ስትል አንድም እስክሪብቶ የለም። ችግሩን ያመጣው ማን ነው? መላሾቹ ወደ ፕሮፌሰሩ አዘነበሉ።

ሰው የጠላውን ይወነጅላል፣ ሌላ ምን አለው ትሉ ይሆናል። ማርክ አሊክም በ1992 ከዚህ የሚቀራረብ ነገር አሳይቶ ነበር፤ ኮኬይን ሊደብቅ የሚከንፍ ሾፌር፣ ለወላጆቹ የገዛውን ስጦታ ሊደብቅ ከሚከንፈው ይልቅ ለደረሰው የመኪና ግጭት መንስኤ ተደርጎ ይታያል። በ2009 ግን ክሪስቶፈር ሂችኮክ እና ኖብ ሰውን ከጨዋታው አስወጡት። አንድ ማሽን ጥቁርና ቀይ ሽቦ አለው። ሁለቱ እኩል ባትሪውን ከነኩ ማሽኑ ይቃጠላል፤ አንዱ ብቻ ቢነካ ምንም አይሆንም። መንካት ያለበት ጥቁሩ ነው። አንድ ቀን ሁለቱም ነኩ። ሰዎች ቀዩ ነው አሉ። ሽቦን ደግሞ ማን ይጠላል?

ሂችኮክና ኖብ እንደሚሉት አእምሯችን «ይህ ባይሆን ኖሮ» ሲል ቀድሞ የሚያነሳው ከሥርዓት የወጣውን ነው። ሳምላንድ እና ቫልድማን በ2016 አልተስማሙም፤ ሰዎች «ማን አመጣው» ሲባሉ «ተጠያቂው ማን ነው» ብለው ይሰማሉ ባይ ናቸው። ክርክሩ አልተዘጋም። እኔ ግን ከደባርቅ በላይ ያለውን ጉዳይ ሳይ ለሽቦው አደላለሁ።

የሰሜን ተራሮች ፓርክ በ1969 ሲከለል በውስጡ ባለችው በግጭ መንደር ገብስ የሚያርሱና ከብት የሚያረቡ ሰዎች ነበሩ። በ1978 ፓርኩ የዓለም ቅርስ ሆነ፤ በ1996 ዋሊያ በመመናመኑ አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች መዝገብ ገባ። ከተቆጠሩት ምክንያቶች እርሻና ግጦሽ ይገኙበታል። ከብት የዋሊያን ሣር መሻማቱ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ከወሰኑ በፊትም ይሻማው ነበር። ለጥበቃው ሰው ከቦታዋ የወጣችው ላሚቱ ናት፤ ለግጩ አባወራ ደግሞ አያቶቹ ባረሱት መሬት ላይ በኋላ የመጣው ወሰኑ ነው። በ2016 የግጭ ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ ተዛወሩ፤ በ2017 ፓርኩ ከአደጋ መዝገብ ወጣ።

ፓርኩን አቋርጦ የሚያልፈው የመኪና መንገድም ከስጋቶቹ ተቆጥሮ ነበር። ሾፌሮቹን ግን ዋሊያ ጨረሱ ብሎ የከሰሳቸው አልሰማሁም፤ የሚነዱት በተፈቀደ መንገድ ላይ ነዋ።